እንደራሴና ግብር ከፋይ፤ የ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በምክር ቤትና በዳሞት ገጠር

«እንደራሴ» የሚለው ስም ሲፈታ «እንደ ራሴ» ማለት ነው። አንድ ሰው ሌላውን ስለ እርሱ ሆኖ እንዲናገር፥ እንዲሰጥና እንዲቀበል ሲወክለው «ይህ ሰው እንደ ራሴ ነው፤ እርሱ የተናገረው እኔ እንደ ተናገርሁት ይቈጠር» ይላል። በአገራችን የአስተዳደር ታሪክ ይህ ስም ለሁለት ዓይነት ሰዎች ሲሰጥ ኖሯል። ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ግዛት እንዲያስተዳድርላቸው የሚልኩት መኰንን የንጉሥ እንደራሴ ነው፤ ሕዝቡ ወደ መናገሻው ከተማ ልኮ በምክር ቤት የሚያስቀምጠው ሰው ደግሞ የሕዝብ እንደራሴ ነው። አንደኛው ግብር ለመቀበል ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለተኛው ስለ ግብር ለመናገር ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ በመንገድ ተገናኝተው ከተነጋገሩ አገር ይቀናል፤ ሳይተያዩ ከተላለፉ ግን ክርክሩ ከምክር ቤቱ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ሜዳ ይወርዳል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ጠቅላይ ግዛት የሆነው ነገር ነው። በዚያ ዓመት በምክር ቤት ተመክሮበት የታወጀ የግብር ሕግ በሞጣ፥ በብቸናና በዳሞት ገበሬ ዘንድ እንቢ ተባለ፤ ደምም ፈሰሰበት። አያቴ በዚያን ጊዜ በቡሬ ገጠር ጎልማሳ ገበሬ ነበሩ። የግብር ደረሰኛቸውን በቆዳ ከረጢት ጠቅልለው ከቤቱ ማገር ላይ ይሰቅሉት ነበር፤ ልጆች ሆነን ስንነካውም ይቈጡን ነበር። ግብር አንከፍልም ካሉት ሰዎች መካከል የነበሩ ሰው የግብር ደረሰኝን እንደ ታቦት የሚያከብሩበትን ምክንያት ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ጽሑፌም ይህንኑ ነገር በታሪክ መንገድ ለመመርመር የተዘጋጀ ነው።

የርስት አገር

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በጅጋ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ፍኖተ ሰላምን፥ ማንኩሳንና ቡሬን ተራ በተራ ያልፋል። ከመንገዱ ወደ ሰሜን ሲወጡ ደጋ ዳሞት ይገኛል፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ አገሩ እየቈለቈለ ሄዶ ከዓባይ በረሃ ይደርሳል። ጤፉ፥ ዳጉሳው፥ በቆሎውና በርበሬው የሚበቅልበት፥ ቡሬም ከዓባይ ማዶ ከሚመጣው ነጋዴ ጋር ከጥንት ጀምራ ስትገበያይ የኖረችበት አገር ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በቡሬ በኩል አድርገው ወደ ደብረ ማርቆስ የሄዱት በዚሁ መስመር ነው። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም መባሏም፥ ትርጓሜው የሰላም መንገድ ማለት መሆኑን ስናስብ፥ የዚያን ዘመን ተስፋ ያሳያል።

በዚህ አገር መሬት የሚያዘው በርስት ነበር። ርስት ማለት አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እየቈጠረ ወደ አቅኚው አባት በመድረስ ከዘመዶቹ ጋር ድርሻ የሚጠይቅበት መብት ነው። መሬቱን ከአባቱ ወንድሞች ጋር የሚካፈል ሰው በእናቱ በኩል ደግሞ በሌላ ደብር ሌላ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ እንዲሁም ዛሬ የያዘውን ነገ የተሻለ የቈጠረ ዘመድ ሊከራከረው ይችላል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የተነተነው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ከአንድ አባት የሚቈጠሩት ወራሾች ስለ መሬታቸው የሚናገርላቸው «ፈጅ» የሚባል ሰው ነበራቸው። ፈጁ ድርሻ ሲደለደል ይገኛል፤ ከሌላ ወገን ጋር ክርክር ሲነሣም ስለ ወገኖቹ ሆኖ ይቆማል። እርሱ ራሱ የርስቱ ተካፋይ ስለ ሆነ ወገኖቹን ቢጎዳ ራሱን ይጎዳል፤ ሲመለስም የሠራውን ለዘመዶቹ ይነግራል። እንግዲህ የዳሞት ገበሬ ስለ ውክልና የሚያውቀውን ያወቀው ከሕገ መንግሥት መጽሐፍ ሳይሆን ከፈጁ ነው ማለት ይቻላል።

ግብርም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ የታወቀ ቦታ ነበረው። በአቅኚው አባት ስም የተቈረጠውን ግብር ወራሾቹ ተካፍለው በጭቃ ሹሙ እጅ ይከፍላሉ። በግብሩ ውስጥ እጁን ያስገባ ሰው በርስቱም ውስጥ ድርሻ እንዳለው ምስክር አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ በከረጢት ተጠቅልሎ የሚሰቀለው ደረሰኝ ገበሬው ለመንግሥት የከፈለውን ገንዘብ ከማሳየቱ ይልቅ መሬቱ የእርሱ መሆኑን ያስረዳለት ነበር። ገበሬው የሚፈራው ቃላዱን ነው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል መሬት በገመድ ተለክቶ በጋሻ ሲደለደል ብዙው አራሽ ጢሰኛ ሆኖ መቅረቱን የጎጃም ሰው ሰምቷል። ስለዚህ «ይለካ» ወይም «ይገመት» የሚል ቃል በሰማ ጊዜ የሚያስበው የግብሩን ማነስና መብዛት አልነበረም፤ «ርስቴ ሊሄድ ነው» ብሎ ነበር።

ከ1934 እስከ 1951 ዓ.ም. የተጨመሩት ግብሮች

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ልዩ ልዩ የሆነውን የቀድሞ ግብር አንድ ወጥ ለማድረግ በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር አወጀ። በዚህ አዋጅ መሬት በለም፥ በለም ጠፍና በጠፍ ተከፍሎ በጋሻ እንዲገብር ተደነገገ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው ሌላ አዋጅ ደግሞ አሥራት በገንዘብ ተተምኖ ተጨመረበት፤ ይኸውም ለአንድ ጋሻ ለም መሬት ግብሩ 15 ብር አሥራቱ 35 ብር፥ ለለም ጠፍ ግብሩ 10 ብር አሥራቱ 30 ብር፥ ለጠፍ ግብሩ 5 ብር አሥራቱ 10 ብር ነበር። ነገር ግን ጎጃም ልኬቱን አልቀበልም ስላለ፥ ከበጌምድርና ከትግራይ ጋር ከጦርነቱ በፊት በ1927 ዓ.ም. ይከፍለው በነበረው ልክ እንዲገብር ተተወለት። ይህ መተው ለገበሬው ድል መሰለው፤ ለመንግሥት ደግሞ በይደር የተያዘ ሒሳብ ሆኖ ቈየ።

ከዚያም በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ታወጀ። ገንዘቡ በየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ ቤት እንዲሠራበት የታሰበ በመሆኑ ሐሳቡ የሚመሰገን ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ገደማም የጤና ግብር ተከተለ። የሁለቱም ክፍያ የተመሠረተው በመሬት ላይ ነው። ችግሩ ግን ገንዘቡ ከገጠር ሲወጣ ሁሉም ያየዋል፤ ወደ ገጠር ሲመለስ ግን አብዛኛው ገበሬ አላየውም። ተማሪ ቤቱና የሕክምና ጣቢያው በጠቅላይ ግዛቱና በአውራጃው ከተማ ሲሠራ፥ ከመንገድ ርቆ የሚኖረው ገበሬ ልጁን ለማስተማር ወይም የታመመ ለማሳከም የአንድና የሁለት ቀን መንገድ መጓዝ ነበረበት። እንዲህ ሲሆን «የትምህርት ግብር» የሚለው ስም በገበሬው አፍ ስሙን አጣ፤ እንደ ሌላው ሁሉ አንድ ተጨማሪ ክፍያ ሆኖ ተቈጠረ።

የመንግሥትንም ወገን ማየት ይገባል። በዚያን ዘመን እጅግ የሚበዛው የኢትዮጵያ ሕዝብ የሚኖረው በእርሻ ሲሆን ከእርሻ መሬት የሚገኘው ግብር ግን ከመንግሥቱ ገቢ ትንሹን ክፍል የሚይዝ ነበር። የግምጃ ቤቱ ትልቁ ተስፋ ጉምሩክ፥ ከውጭ የሚመጣው ዕቃና የቡናው ንግድ ነበር። ከ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የአምስት ዓመት የልማት ፕላኖች ሲወጡ፥ መንገድ፥ ፋብሪካና ተማሪ ቤት ለመሥራት ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣ ነበር። ከዚህም ሌላ ለመከላከያና ለጸጥታ የሚወጣው ገንዘብ ለእርሻ ከሚወጣው እጅግ የበለጠ ነበር። እንግዲህ ግብር ይጨመር ከተባለ «ከማን?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ለምን ሥራ?» የሚለውም መመለስ ነበረበት። ይህ ጥያቄ የሚመለስበት ቦታ ደግሞ ምክር ቤቱ ነው።

የምክር ቤቱ ሥልጣንና ድክመት

በዓለም ታሪክ ምክር ቤት የሚባለው ነገር ከግብር ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1215 ከንጉሣቸው ከጆን ጋር ቃል ሲጋቡ ካስጻፏቸው ነገሮች አንዱ ንጉሡ ያለ ምክር አንዳንድ ግብር እንዳይጥል ነበር። የአሜሪካ ሰዎችም በ1765 የእንግሊዝ ፓርላማ የቴምብር ግብር ሲጥልባቸው «በፓርላማው ውስጥ የእኛ ሰው የለም» ብለው ተነሡ። በፈረንሳይም በ1789 የሦስቱ መደቦች ጉባኤ የተጠራው ግምጃ ቤቱ ባዶ ስለ ሆነ ነው። በነዚህ ሁሉ ስፍራዎች ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ቃልም እንዲኖረው ጠይቋል።

በአገራችን በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ አደረገ። ለ200 ሺህ ያህል ሕዝብ የሚሆን የምርጫ ክልል ሁለት ሁለት እንደራሴ ይልካል፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ግን በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተደረገ፤ ከዚያም በየአራት ዓመቱ ተከናወነ።

ይህ ሕገ መንግሥት ስለ ግብር የሰጠው ሥልጣን ቀላል አልነበረም። ግብር ያለ ሕግ እንዳይጣል፥ እንዳይጨመርና እንዳይቀነስ ደነገገ፤ የመንግሥትም ገንዘብ ያለ ሕግ እንዳይወጣ ከለከለ። ከዚህም በላይ የመንግሥትን ወጪ የሚጨምር ወይም አዲስ ግብር የሚጥል ረቂቅ ሁሉ አስቀድሞ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት፥ ማለት ሕዝቡ ለመረጠው ቤት እንዲቀርብ አዘዘ። በወረቀት ሲታይ የዳሞት ገበሬ ከኪሱ የሚወጣው ብር በመጀመሪያ በእንደራሴው አፍ ማለፍ ነበረበት።

በሥራ ሲታይ ግን ድክመቱ ብዙ ነበር። ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበረ ከእንደራሴዎቹ መካከል ባለመሬቱ በዛ። የፖለቲካ ማኅበር ስላልነበረ እያንዳንዱ እንደራሴ ብቻውን ይቆማል፤ በአንድ ሐሳብ ተሰልፈው ረቂቅን ከሌላ ረቂቅ ጋር የሚያነጻጽሩ ወገኖች አልነበሩም። ስለዚህ ብዙው ንግግር «ለወረዳዬ መንገድ ይሠራልኝ፥ ተማሪ ቤት ይከፈትልኝ» በሚል ልመና ይወሰን ነበር። ልመናው የተገባ ቢሆንም የአገሪቱ ሀብት በጠቅላላው ለምን ለምን ይዋል የሚለውን ክርክር አይተካም። ከሁሉ የሚብሰው ግን የመንገዱ በአንድ ወገን መሄድ ነው። እንደራሴው ከወረዳው ወደ አዲስ አበባ ይመጣል፤ በአዲስ አበባ የተባለው ግን ወደ ወረዳው በቶሎ አይመለስም። ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ይወጣል፤ ማንበብ የማይችለው ገበሬ የሚሰማው ግን ከገማቹና ከጭቃ ሹሙ አፍ ነው።

የ1960 ዓ.ም. አዋጅ

መንግሥት ያቀረበው የእርሻ ገቢ ግብር ረቂቅ ከክርክር በኋላ ተሻሽሎ በ1960 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 255 ሆኖ ወጣ። የአዋጁ ፍሬ ነገር በጋሻ የተተመነው አሥራት ቀርቶ በምትኩ ከእርሻ የሚገኘው ገቢ እየተገመተ፥ ገቢው ሲጨምር ግብሩም ከፍ እያለ እንዲሄድ ማድረግ ነበር።

ይህ ሐሳብ በራሱ ሲመዘን ፍትሕ ያለበት ነበር። በቀድሞው ሥርዓት አንድ ጋሻ ለም መሬት በአዋሽ ሸለቆ በትራክተር አሳርሶ ብዙ እህልና ጥጥ ከሚያስገባ ባለሀብት የሚጠየቀው 35 ብር አሥራት፥ በሬ አጥቶ ግማሹን መሬት ጦም ካሳደረ ሰው ከሚጠየቀው ጋር እኩል ነበር። አዲሱ ሕግ «ብዙ ያገኘ ብዙ ይስጥ፥ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይስጥ» የሚል ነው። በምክር ቤቱ ረቂቁ ብርቱ ክርክርና መሻሻል ያጋጠመው፥ ባለ ብዙ መሬቶቹ ሸክሙ በነርሱ ላይ እንደሚወድቅ ስላወቁ ጭምር ነው።

እንግዲህ የታሪኩ እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ነው። ትልቁን ባለመሬት ለመንካት የታሰበ ሕግ፥ ጠመንጃ አንሥቶ የተቃወመው ጥቂት ጥማድ የሚያርሰው የጎጃም ባለርስት የሆነው ለምንድን ነው? አንዳንዶች «ገበሬው አላዋቂ ስለ ሆነ የሚጠቅመውን አላወቀም» ብለዋል። እኔ ግን ገበሬው ከሕጉ ቃል ይልቅ የሕጉን አፈጻጸም ተመልክቶ ፈረደ እላለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያት ከላይ እንደ ተነገረው ርስት ነው። ሕጉ ገቢን እንጂ መሬትን አይለካም ቢባልም፥ ገቢ ለመገመት ማን ምን ያህል መሬት እንደ ያዘ መመዝገብ ያስፈልጋል። በአቅኚ አባት ስም በጋራ ይገብር የነበረውን ወገን በግለሰብ ስም መመዝገብ የርስትን ክር መፍታት ሆኖ ታየ። ሁለተኛው ምክንያት ግምቱ ራሱ ነው። የገበሬ ገቢ በደሞዝ መዝገብ የሚገኝ አይደለም፤ ዝናብ፥ በረዶና ተምች ይወስኑታል። ስለዚህ ሁሉ ነገር በገማቹ ዓይንና ኅሊና ላይ ተንጠለጠለ፤ ገበሬውም «እጅ መንሻ ያልሰጠ ይበዛበታል» ብሎ ሠጋ። ሦስተኛው ምክንያት የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ነው። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጎጃምን ያስተዳድሩ በነበሩት በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ላይ ሕዝቡ የመሣሪያ ምዝገባንና ልዩ ልዩ መዋጮን እያነሣ ብዙ አቤቱታ ያሰማ ነበር። ጣሊያንን በዚሁ መሣሪያ ለተዋጋ ሰው ጠመንጃውን አስመዝግብ ማለት ከግብሩ ጋር ተደምሮ አንድ ቋጠሮ ሆነ።

እንቢታውና ፍጻሜው

ገማቾቹ ወደየወረዳው ሲወጡ ገበሬው በመጀመሪያ ያደረገው መተኰስ አይደለም፤ ሽማግሌ መረጠ። በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ቢባልም ንጉሥ ዘንድ አቤት ማለት ግን የቆየ መብት ነው። መልእክተኞች ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄደው ደጅ ጠኑ፤ ግብሩ እንዲቀርላቸውና አስተዳዳሪው እንዲነሡላቸው ለመኑ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። የተመረጡ የሕዝብ እንደራሴዎች በምክር ቤት ተቀምጠው ሳለ፥ ገበሬው ጉዳዩን የሚናገርለት ሌላ ሽማግሌ መርጦ መላኩ፥ በምክር ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው እንደ ፈጁ አድርጎ አለማየቱን ያስረዳል።

አቤቱታው ፈጣን መልስ ባጣ ጊዜ እንቢታው በረታ። በሞጣና በብቸና የተነሣው ተቃውሞ ወደ ዳሞትም ተዛመተ። ገበሬው መሣሪያውን ይዞ እየተሰበሰበ ገማቾችንና ሹማምንትን ወደ ቀበሌው አላስገባም አለ። መንግሥትም መጀመሪያ ፖሊስ፥ ኋላም ጦር ሠራዊት ላከ፤ አውሮፕላንም ጭምር በገበሬው ላይ ተሰማራ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ እህልና ከብት ጠፋ። የሰላም መንገድ በተባለችው ከተማ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ በዚያ ዓመት ከማረሻው ይልቅ ጠመንጃውን ሲጠብቅ ከረመ።

በመጨረሻ መንግሥት ወደ ኋላ አለ። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሥተው ሌላ አስተዳዳሪ ተሾመ፤ ለብዙ ዓመት የተከማቸው የግብር ውዝፍ ተማረ፤ አዲሱም የእርሻ ገቢ ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ። ገበሬው አሸነፈ ተባለ። ነገር ግን ድሉ ዋጋ ያስከፈለ ነው። ግብሩ ሲቀር ግብሩ ሊሠራው ይችል የነበረው መንገድና ተማሪ ቤትም አብሮ ዘገየ። ጎጃም በቀድሞው ልክ ሲገብር፥ በአርሲ፥ በወለጋና በከፋ ለባለመሬቱ እኩሌታ ወይም ሢሶ ከሰጠ በኋላ የመንግሥቱም ሸክም በተዘዋዋሪ በጫንቃው ላይ የሚወድቅበት ጢሰኛ የሚያቃልልለት አላገኘም። የጢሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት ለማሻሻል ለምክር ቤት የቀረበው ረቂቅም የዘውዱ መንግሥት እስኪወድቅ ድረስ ሕግ ሳይሆን ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ የዳሞት ርስትም የደቡቡ የጢሰኛ ሥርዓትም በአንድ ቀን ታጠፉ። በምክር ቤት ቀስ ተብሎ ሊፈታ ይችል የነበረው ቋጠሮ በአዋጅ ተቈረጠ።

ሦስት ጥያቄዎች

አንድ ከዳሞት የተመረጠ እንደራሴ ረቂቁ በቀረበ ዕለት ቆሞ ሦስት ጥያቄ ቢያቀርብ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አንደኛ፤ «ይህ ሕግ በጋሻ ለተለካ አገር የተጻፈ ይመስላል፤ በርስት ለሚኖረው ሕዝብ ርስቱ እንደማይነካ የሚያረጋግጥ ቃል በሕጉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍልን»። ሁለተኛ፤ «ገማቹን ማን ይመርጠዋል? ግምቱስ ሲበዛ ገበሬው አቤት የሚለው ሩቅ ሳይሄድ በየትኛው ዳኛ ፊት ነው?» ሦስተኛ፤ «ከዳሞት ከሚሰበሰበው ብር ምን ያህሉ ለዳሞት መንገድ፥ ተማሪ ቤትና ሕክምና ይውላል? የቀድሞው የትምህርት ግብር ሒሳብስ ለሕዝቡ ይነገር»።

ሦስቱም ጥያቄዎች ግብርን የሚቃወሙ አይደሉም፤ ግብሩ እንዲጸና የሚያደርጉ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ መብት፥ ሁለተኛው ስለ ዳኝነት፥ ሦስተኛው ስለ አገር ሥራ ቅደም ተከተል ነው። ምክር ቤቱ በአዳራሹ ውስጥ ተከራክሯል፤ ሕጉንም አሻሽሏል። ነገር ግን የክርክሩ ትልቁ ክፍል ማን ምን ያህል ይክፈል በሚለው ላይ ሲሆን፥ የሚከፍለው ሰው በምን ይተማመናል የሚለው ሳይመለስ ቀረ። ያልተመለሰው ጥያቄ በሜዳ ተጠየቀ፤ መልሱም በጥይት ተሰጠ።

ለእንደራሴው ሁለተኛ ሥራ ነበረው፤ ይኸውም ወደ መራጩ መመለስ ነው። ከአዲስ አበባ ወርዶ በቡሬ ገበያና በየደብሩ ደጀ ሰላም ቆሞ «ሕጉ የሚለው ይህን ነው፤ እኔ የተከራከርሁት ይህን ነው፤ የተሸነፍሁትም በዚህ ነው» ቢል፥ ገበሬው ባይወደውም እንኳ ያምነው ነበር። ፈጁ የሚታመነው ሁልጊዜ ስለሚያሸንፍ አይደለምና፤ ተሸንፎ ሲመለስም እውነቱን ስለሚነግር ነው።

ዛሬ ነገሩ በሌላ ሥርዓት ይተዳደራል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የገበሬውን የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርና የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያን ለክልሎች ሰጥቷል፤ የፌዴራሉንም ግብር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕግ ይወስናል። ስሙም ከ«እንደራሴ» ወደ «ተወካይ» ተለውጧል። ሆኖም የስሙ መለወጥ ጥያቄውን አያስቀረውም። በቢሮ ተቀምጠን ደረሰኝ የምንቈርጥ፥ ሰንጠረዥ የምናዘጋጅ፥ በጀት የምንደለድል ሠራተኞች ሁላችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለን። በ1960 ዓ.ም. የሕጉን ቃል ለገበሬው ያደረሰው ምክር ቤቱ ሳይሆን ገማቹ ነበር፤ ገበሬውም የፈረደው ባየው ሰው ላይ ነው። አስተማሪዎችም ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ «ዐመፅ» ወይም «ጀግንነት» በሚሉት በሁለቱ ቃላት ብቻ እንዳይወስኑት እለምናለሁ። በመካከሉ የጠፋ ንግግር አለና።

አያቴ ካረፉ በኋላ ከረጢቱ ተከፈተ። በውስጡ ቀለማቸው የደበዘዘ የመሬት ግብር ደረሰኞች በዓመት በዓመታቸው ተደርድረው ተገኙ። ግብር እንቢ ያሉት ሰው ከፋይ ነበሩ፤ የከፈሉትንም አንድ ሳያስቀሩ አስቀምጠዋል። የፈለጉት ደግሞ የከፈሉበት ወረቀት ርስታቸውን እንዲያስከብርላቸው፥ ስለ ገንዘባቸውም የሚናገር አንድ ሰው በእውነት «እንደ ራሳቸው» ሆኖ እንዲቆምላቸው ነበር። ደረሰኙን ለራሳቸው ጠብቀውታል፤ እንደራሴውን ግን ሳያገኙት አለፉ።